አሥረኛው ተንሳፋፊ

አይዴላ ክሮኬት ከሃስኬት ደሴት ስድስት ጊዜ ለዘለዓለም ሄዳለች። ስድስቱንም ጊዜ ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ መርከቡ የሸኘኋት እኔ ነኝ፤ ስድስቱንም ጊዜ ተቀብዬ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ሻንጣው ሲሄድ ቀላል፣ ሲመለስ ከባድ ነበር። ሥዕል ክብደት እንዳለው ያወቅሁት በትከሻዬ ነው።

አባቷ እንደ እኛው ሎብስተር፣ ማለትም ባለ መቆንጠጫውን የባሕር እንስሳ፣ አጥማጅ ነበር። የወጥመድ ቤቱ በወደቡ ዳር ከእኔ የወጥመድ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወጥመድ የምንጠግነው፣ ገመድ የምንቀጥለው፣ በበረዶው ወራት ምድጃ ከብበን የሌላውን ሰው ጀልባ የምናማው በነዚህ ቤቶች ነው። አባቷ ሲሞት አይዴላ ከሜክሲኮ መጥታ ቀበረችው። በሳምንቱ ወጥመዶቹን ወደ ቆጡ አወጣችና በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ መስኮት ቀደደች።

«አንቺ ሴት፣ የሰሜን ነፋስ ምን እንደሆነ ረሳሽው?» አልኳት።

«ነፋሱን ማን ጠራው? እኔ የጠራሁት ብርሃኑን ነው። የሰሜን ብርሃን አይዋሽም።»

«ነፋሱም አይዋሽም።»

ያን ዓመት በረዶው እስኪያልፍ በጓንት ሣለች። መስኮቱን ግን አልደፈነችም።

መጀመሪያ የሄደችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ኒውዮርክ ነው። ቀን ሥዕል ትማራለች፣ ማታ በአንድ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥባለች። አስተማሪዋ «በአእምሮሽ ያለውን ሣዪ» ቢላት ወደባችንን ሣለች። «ሌላስ?» ቢላት ወደቡን ውኃው ሲሸሽ ሣለች። ተመልሳ ከርማ፣ ሁለተኛ ስትሄድ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝታ ወደ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ነዳች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆይታ አሥራ አራት የቀይ አሸዋ ሥዕሎች ይዛ መጣች።

በደሴታችን አዲስ ጀልባ ሲመጣ ወንዶቹ ሁሉ ወርደው ይመረምራሉ፤ ወገቧን ይደበድባሉ፣ ብሎኗን ይነካካሉ፣ አንድ ጉድለት ሳያገኙ አይመለሱም። የአይዴላንም ሥዕል የምናየው እንደዚያው ነው። በቦት ጫማችን ገብተን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ ከሸራው አንድ ስንዝር ርቀን። ከሁላችን የሚከፋው ኦሪን ቶሪ ነው። አብረን በአንድ ክፍል የተማርን፣ በኋላ የወደቡ ኃላፊ የሆነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ትክክል ያልሆነበት ቀን የሌለ ሰው።

ኦሪን በበረሃው ሥዕል ፊት ብዙ ቆመ።

«ውኃው መቼ ነው የሚመለሰው?» አለ።

«እዚያ ውኃ የለም፣ ኦሪን።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ታዲያ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ምን ይጠብቃሉ?»

ከበረሃው በኋላ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ በኋላ ፖርቱጋል፣ ከዚያ ሞሮኮ፣ ከዚያ ደግሞ ኖርዌይ ሄደች። የትም ብትሄድ ማደሪያዋ የዓሣ አጥማጅ መንደር ነው። ፖስት ካርድ ትልካለች፤ የኦሪን ሚስት ቬስታ ሱቁንም ፖስታ ቤቱንም ስለምትይዝ ለሁላችን ጮክ ብላ ታነብና ከሚዛኑ በላይ ትሰካዋለች። እኔ ያን ጊዜ የማየው ሥዕሉን ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ፊደል አልገባኝም ነበርና፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በራሴ ጥረት ማንበብ ስማር ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። ቬስታ ስታነብ ብዙ ነገር ትዘል እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከሜክሲኮ እንዲህ ብላለች፦ «የመንደሩ ቄስ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጴጥሮስን በጀልባው እንድሥል ፈቀደልኝ። የኛን ደሴት ጀልባ ሰጠሁት። አንድ ሽማግሌ መጥቶ አይቶ ‹በዚህ ጀልባ ወደ እኛ ማዕበል ከወጣ ቅዱሱ ይሰጥማል› አለኝ። ጀልባውን ለወጥኩ። እዚህም ኦሪን አለ።» ከፖርቱጋል ደግሞ፦ «የዚህኛው ኦሪን ባርኔጣ ያደርጋል።» ከኖርዌይ፦ «የዚህኛው ኦሪን ሴት ናት።» ቬስታ የዘለለቻቸው እነዚህን ነበር።

አንድ ጊዜ ከቦስተን የመጣ ሀብታም ሰው የኦሪንን ጀልባ የሣለችበትን ሸራ ወደደ። ሊወስደው ሲያነሳው ኦሪን ከበሩ ላይ ሆኖ «ያ ገመድ እንዲህ ከታሰረ ጀልባዬ እስከ ጠዋት አትቆይም» አለ። አይዴላ ሥዕሉን ከሰውየው እጅ ላይ ወሰደችና «አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ ጌታዬ» ብላ ገመዱን ልትጠግን ቁጭ አለች። ሰውየው መርከቡ ጮኸበትና ሄደ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ። ገመዱ ልክ ሆኗል።

እንዲህ ስትኖር ሰባ ዓመት ሞላት። ነገሩም የመጣው በዚያ ዓመት ነው።

የኦሪን ሴት ልጅ ደልበርት የሚባል ታታሪ ልጅ አግብታ ነበር። ደልበርት የወጥመድ ቤት ስለሌለው ሦስት መቶ ወጥመዱን በኦሪን ግቢ ከመረው። ቬስታ ልብስ የምታሰጣበት ቦታ ጠፋ። ደንባችን ደግሞ የወደቡ ቤቶች ወጥመድ ለሚጥል ሰው ናቸው ይላል፤ አምስት ዓመት ወጥመድ ያልወጣበት ቤት ለመንደሩ ይመለሳል። ከአይዴላ ቤት ወጥመድ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እስከዚያ ቀን ማንም አላነሳውም። በመጋቢት በሚደረገው የመንደሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ኦሪን ተነሥቶ አነሳው።

«በአይዴላ ላይ ክፉ ነገር የለኝም» አለ። «ደንቡ ግን ቤቱ ከባሕር በልቶ ለሚኖር ሰው ነው ይላል።»

«ሃምሳ ዓመት ባሕር ነው የሣልኩት» አለች አይዴላ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ። «ከምን በልቼ የኖርኩ መሰለህ?»

«እሱን እኛም ስንጠይቅ ኖረናል» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

«የማጥመድ ፈቃድ የላትም!» አለ ደልበርት።

አይዴላ ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት አውጥታ ዘረጋች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ፈቃዷን አንድ ዓመት እንኳ ሳታሳድስ አልቀረችም፤ ከሞሮኮም ቢሆን በደብዳቤ አሳድሳለች። ኦሪን መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ጢሙን አሻሸ።

«እንግዲያው አጥምጂ» አለ። «አሥር ወጥመድ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በገዛ እጅሽ ትጥያለሽ፣ በገዛ እጅሽ ታነሻለሽ። አሥር ይገባል፣ አሥር ይወጣል። ከጎደለ ቤቱ የደልበርት ነው።»

እኔ አላስቻለኝም። «አንተ ራስህ ባለፈው በጋ ስንት ወጥመድ ጠፋብህ?»

«እኔ ሥዕል ቤት የለኝም» አለ።

«አሥር ይገባል፣ አሥር ይወጣል» አለች አይዴላ። በዚሁ ተስማሙ፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ ተጻፈ።

ወጥመዱ ባሕር ወለል ላይ ይቀመጣል፤ የት እንዳለ የሚያሳየው በገመድ ጫፍ ከላይ የሚንሳፈፈው ባለ ቀለም እንጨት ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም አለው፤ የሌላውን ሰው ተንሳፋፊ መንካት ደግሞ በኛ ዘንድ የሰው ሚስት ከመንካት ቢብስ እንጂ አያንስም። የአይዴላ አባት ቀለም ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ነበር። ሁላችንም ቢጫ አናት፣ ነጭ ሆድ፣ ጥቁር መቀነት ስንጠብቅ ግንቦት ላይ አይዴላ በአባቷ ትንሽ ጀልባ ላይ ቆማ እየቀዘፈች ወጣችና አሥሩን ጣለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጀልባዎቹ ሬዲዮ ሁሉ ተንጫጫ።

«ኧረ ይህን ያየ ሰው አለ? ተንሳፋፊው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ!»

«የኔ አጠገብ ያለው ላይ የቬስታ ሱቅ አለ።»

«እኔንስ ሥላኛለች?»

«አንተማ በአንድ እንጨት አትበቃም፣ ሆድህ ይተርፋል።»

ኦሪን ሞተሩን አስነሥቶ ደረሰባት። «ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም መሆን አለበት! ደንብ ነው!»

«ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ» አለች አይዴላ መቅዘፊያዋን ደግፋ። «አሥሩም ላይ ከነዚህ ሌላ ቀለም ካገኘህ እበላዋለሁ። ደንቡ ቀለሙን እንጂ የት እንደሚቀባ አይልም።»

ኦሪን እቤቱ ሄዶ ደንቡን ፈለገ። አይልም።

በየተንሳፋፊው ላይ የሣለችው ከዚያው ከወጥመዱ ቦታ ሆነህ ወደ ደሴቷ ስታይ የሚታየውን ነበር። አባቶቻችን ባሕር ላይ ቦታ የሚያውቁት እንደዚያ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ለዓሣ የሚሆን በረዶ ከምናከማችበት ከበረዶ ቤቱ ጭስ መውጫ በላይ ሲቆም እዚህ ነህ፣ ቀዩ ቤት ከጥዱ ጀርባ ሲደበቅ እዚያ ነህ። ዛሬ ሁላችንም መስታወት ላይ የሚበራ መሣሪያ እናያለን። እሷ ግን ከአባቶቻችን ዘዴ ሌላ አታውቅም።

በማጥመዱ በኩል ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አታድርስ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ገመዱን አሳጥራ አስራ ውኃው ሲሞላ ሦስት ተንሳፋፊ ሰጠመባት። «አክስቴ አይዴላ፣ ተንሳፋፊ ማለት እኮ የሚንሳፈፍ ነው» አላት አንዱ ጎረምሳ በሬዲዮ። ደግሞ አንድ ቀን ሰማያዊ ሎብስተር ያዘች፤ በባልዲ አድርጋ ቤት አስገባችው፣ አራት ቀን እየቀለበች ሣለችው፣ በአምስተኛው ቀን ቀዝፋ ወስዳ የያዘችበት ቦታ መለሰችው። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳትቀር ወጣች። እጇ ተላጠ። ወገቧን በመቀነት አሰረች። አሥሩም ነበሩ።

ነሐሴ ላይ ያ ጉም መጣ። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ጉም። ከኦሪን በስተቀር ሁላችንም ቀድመን ገባን። ምን እንደደረሰበት ኋላ ራሱ እንደተናገረው ልንገራችሁ። አቅጣጫ ማሳያ መሣሪያውን ደልበርት «ላስተካክልልህ» ብሎ ነካክቶት ነበርና ጠፋ። ኮምፓስም ነበረው፤ ነገር ግን ያው ደልበርት ከኮምፓሱ ጎን ማግኔት ያለበት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገጥሞለት ስለነበር መርፌው ሁልጊዜ ወደ ዘፈኑ ነው የሚዞረው። ሬዲዮውን አንሥቶ «ጠፋሁ» ማለት ይችላል። አርባ ስድስት ዓመት ያጠመደ የወደብ ኃላፊ ይህን ከሚል አለት ላይ ቢወጣ ይመርጣል። ሊወጣም ተቃርቦ ነበር፤ «አሳማዎቹ» የምንላቸው አለቶች ላይ ማዕበሉ ሲሰበር በቀኙ ሰማ፣ ቀጥሎ በግራው ሰማ።

በዚያ መካከል አንዲት ቢጫ አናት ከጉሙ ብቅ አለች። ሜንጦውን ዘርግቶ ሳባት። ደወል ቤቱ ከበረዶ ቤቱ ጭስ መውጫ ቀጥ ብሎ በላይ። እንግዲህ ከአሳማዎቹ በስተምሥራቅ ነው፣ የወደቡ መግቢያ አፍ ላይ። እፎይ ብሎ ማርሹን ሲያስገባ ገመዱ ከሞተሩ ፕሮፔለር ጋር ተጠማዘዘና ብጥስ አለ። ወጥመዱ ወለል ላይ ቀረ፤ ተንሳፋፊው በኦሪን እጅ። ውኃው እየሞላ ስለነበር ሞገዱ ወደሚሄድበት ቀስ ብሎ ተከተለ። ሁለተኛዋን አገኘ፤ የቬስታ ሱቅ በግራ። ሦስተኛዋን፤ ቀዩ ቤት። አራተኛዋ የወደቡን ደረጃ ከነተሰበረው እርከኑ የያዘች ነበረች። ቀና ሲል ራሱ ደረጃው ፊቱ ቆሟል።

እኔና አይዴላ እዚያው ተቀምጠን ነበር።

«ኦሪን፣ ወጥመዶቼን አየሃቸው?» አለችው።

«በዚህ ጉም ምን ይታያል!» አለ። የዝናብ ካፖርቱን የሆነ ነገር ላይ ጥሏል፣ እሱ ደግሞ ካፖርቱ ላይ ተቀምጧል። እስክንሄድም አልተነሣም።

በማግሥቱ አይዴላ ዘጠኝ ቆጠረች። አምስት ቀን ሙሉ በመግቢያው አፍ ላይ እየቀዘፈች ፈለገች። «ከኔ አንድ ወጥመድ ውሰጂና ጣይው፣ ማን ያውቃል?» ብላት ተቆጣች። «አሥር ይገባል፣ አሥር ይወጣል ብያለሁ። ያንተ ገብቶ የኔ ይወጣል አላልኩም።» ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዘጠኙን አወጣች። በጥር አንድ ቀን ስገባ ሻንጣው ከቆጡ ወርዶ መሬት ላይ ተከፍቶ አየሁት።

«ደግሞ ወዴት?»

«ያላየሁት ወደብ የጠፋ መሰለህ?»

«በሰባ አንድ ዓመትሽ?»

«የምትሸከመው አንተ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች። ግን ወደ መስኮቱ ነበር የምታየው።

ቬስታ ተንሳፋፊውን ያገኘችው በየካቲት ነው፤ እንጨት ልታመጣ ወርዳ ከፍልጡ ሥር። እንደነገረችኝ፣ ይዛው ገባችና በኦሪን ሾርባ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ይህ ምንድነው፣ ካፒቴን?»

«ባሕር ዳር ወድቆ አገኘሁት።»

«ገመዱ በፕሮፔለር ተቆርጧል። እኔ እኮ የአጥማጅ ልጅ ነኝ።»

ኦሪን ሾርባውን ጠጣ። ቬስታ ቁጭ አለች። «ቬስታ፣ ግቢሽን የምትፈልጊው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አላት ኦሪን።

«ግቢዬን እፈልጋለሁ። በስርቆት በተገኘ ግቢ ግን ልብስ አላሰጣም። አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር? እኔ ከተናገርኩ አንድም ነገር አልዘልም።»

መጋቢት ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። አይዴላ የጉዞ ካፖርቷን ለብሳ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ደልበርት ቃለ ጉባኤውን አነበበ፦ «አሥር ገብቷል፣ ዘጠኝ ወጥቷል።» ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሲያነብ ጆሮው ቀልቷል።

«ልክ ነው» አለች አይዴላ። «ዘጠኝ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ኦሪን ዞረ። ኦሪን ጣሪያውን ያያል። ቬስታ «እህ! እህ!» ብላ ሳለች። ኦሪን ተነሥቶ ወጣ። «ሽንት ቤቱ በዚያ በኩል አይደለም» አለ አንዱ። በመስኮት ስናይ ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ ካፖርቱ ከፊት አብጧል። መድረኩ ላይ ወጣና ከካፖርቱ ውስጥ ቢጫ አናት ያለውን ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አሥረኛው» አለ።

የወደቡ ኃላፊ በሰው ተንሳፋፊ ተይዞ! ኦሪንም ይህን ያውቃል፤ ሌባ ከመባል የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከስርቆቱ የከበደው ነገር ነበር።

«በነሐሴ» አለ በመጨረሻ፣ «ጠፍቼ ነበር።»

«ጮክ በል፣ አይሰማም!» አሉ ከኋላ።

«ጠፋሁ ነው የምላችሁ! ጉም ውስጥ! አሳማዎቹ ላይ ልወጣ ነበር! ከዚህች ሴት ሥዕል ወደ ሥዕሏ እየዳበስኩ ነው የገባሁት! በቃችሁ?»

እንደዚያ ዓይነት ሳቅ በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ደልበርት ራሱ እንባውን ይጠርግ ነበር፤ የድምፅ ማጉያው ነገር እስኪነሣ ድረስ። ኦሪን ጠብቆ ሲበርድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሥዕሉ ላይ ግን ስሕተት አለ» አለ። «የበረዶ ቤቱ ጭስ መውጫ ወደ ግራ አይጋደልም።»

«ይጋደላል» አለች አይዴላ።

«አርባ ስድስት ዓመት ሳየው...»

«አርባ ስድስት ዓመት ወደ እራትህ ስትሮጥ ነው ያየኸው።»

ሰብሳቢው መዶሻውን መታና እጅ እንድናወጣ ጠየቀ። የደልበርትን ጨምሮ የሁሉም እጅ ወጣ። ቤቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የአይዴላ ሆነ። የሰውን ወጥመድ የቆረጠ ይተካ የሚል ደንብ ስላለን፣ ኦሪን ከግቢው አንድ የደልበርት ወጥመድ ተሸክሞ አመጣላት።

«አንድ ቀነሰ» አለች ቬስታ። ቀሪው ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ አሁንም እዚያው ነው፤ ልብሷን እላዩ ላይ ታሰጣለች፤ ከገመድ ይልቅ ቶሎ ያደርቃል ትላለች።

ከስብሰባው ስንወጣ ኦሪን ማንም እንዳያየው ዞሮ በበረዶ ቤቱ በኩል ሄደ። ከታች ሆኖ ጭስ መውጫውን አንገቱን አዙሮ፣ ደግሞ በዚህ በኩል አዙሮ አየው። እኔ አየሁት። አንገቱን ወደ ግራ እንዳጋደለ ወደ እራቱ ሄደ።

በግንቦት አይዴላ የአሥሩን ተንሳፋፊ ቀለም አደሰች። በአሥረኛው ላይ ከአሳማዎቹ መካከል አንዲት ትንሽ ጀልባ ጨምራ፣ መሪው ላይ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የሚያይ ጢማም ሰው አቆመችበት። ኦሪን በቦት ጫማው ገባ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣ ከእንጨቱ አንድ ስንዝር ርቆ ብዙ አየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ምሰሶው» አለ። «የጀልባዬ ምሰሶ ከዚህ ወደ ፊት ነው።»

አይዴላ መነጽሯን አድርጋ አየች። ብሩሿን አነሣች።

«ልክ ነህ» አለች። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትለው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሻንጣዋ አሁን ከቆጡ ላይ ነው፤ የበፊቱ ሰማያዊ ሎብስተር ሥዕል ተደግፎበታል።